ሦስት ሴቶች ያተረፉት አሳቂ

በጀርመን አገር ሐንስ ሮዘንታል የሚባል ሰው ነበር። ሥራው ሰውን ማጫወትና ማሳቅ ነው። በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንቆቅልሽ ይጠይቃል፤ ይቀልዳል፤ ደስ ሲለው ደግሞ እንደ ልጅ ወደ ላይ ይዘላል። ብዙ ጀርመኖች ቤተሰባቸውን ሰብስበው ያዩት ነበር። ነገር ግን ይኸው ሰው በወጣትነቱ ሁለት ዓመት ያህል በጎጆ ውስጥ ተደብቆ ኖሯል። ያን ጊዜ ጮክ ብሎ መሳቅ ቀርቶ ማሳል እንኳ ያስፈራው ነበር። ዛሬ የምናነበው የእሱን ታሪክ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

የመከራው ዘመን

ሐንስ የተወለደው በበርሊን ከተማ መጋቢት 24 ቀን 1917 ዓ.ም. ነው። ቤተሰቡ አይሁዶች ናቸው። ገርት የሚባል ታናሽ ወንድምም ነበረው።

በ1925 ዓ.ም. ናዚዎች የጀርመንን መንግሥት ያዙ። ናዚ ማለት ሂትለር ይመራው የነበረው ፓርቲ አባል ማለት ነው። ናዚዎች ለአገሪቱ ችግር ሁሉ አይሁዶችን ተጠያቂ አደረጉ። ከሥራ አባረሯቸው። ልጆቻቸውንም ከትምህርት ቤት አስወጡ። ጥቅምት 30 ቀን 1931 ዓ.ም. ሌሊት ምኩራቦቻቸውን አቃጠሉ፤ ሱቆቻቸውን ሰባበሩ። ኋላም ሰው እንዲለያቸው በልብሳቸው ላይ ቢጫ ኮከብ እንዲሰፉ አስገደዷቸው። በመጨረሻ በባቡር እየጫኑ ወስደው ፈጇቸው። ከየአገሩ ተሰብስበው ያለቁት አይሁዶች 6 ሚሊዮን ያህል ናቸው።

ሐንስ አባቱን በልጅነቱ ሞት ነጠቀው። እናቱም በ1934 ዓ.ም. ሞቱ። ሁለቱ ወንድማማቾች ያለ እናት ያለ አባት ቀሩ። በ1935 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ናዚዎች ገርትን ወሰዱት። ገና የ10 ዓመት ልጅ ነበር። በዚያው ገደሉት። ሐንስን ደግሞ በግድ ያሠሩት ነበር። መቃብር ሳይቀር ቆፍሯል።

ጎጆዋ

በርሊን ዳር ሊሽተንበርግ የሚባል ሰፈር አለ። እዚያ የከተማ ሰዎች ትንንሽ የአትክልት ቦታ ነበራቸው። በየቦታው አንዳንድ ጎጆ ቆሟል። በመጋቢት 1935 ዓ.ም. ሐንስ ወደዚያ ሸሸ። 18 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ወይዘሮ ኢዳ ያውክ የሚባሉ ሴት በጎጇቸው ውስጥ ደበቁት።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። አይሁድ ደብቀዋል ብሎ አንድ ሰው ቢጠቁም ሐንስ ይገደላል፤ ወይዘሮ ኢዳም ይታሰራሉ። የምግቡ ነገር ሌላ ጭንቅ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ምግብ የሚታደለው በራሽን ካርድ ነበር። የተደበቀ ሰው ደግሞ ካርድ የለውም። ስለዚህ ለአንድ ሰው የተሰፈረችውን ዳቦ ለሁለት ተካፈሏት። ይህን ያወቁ ሁለት ጎረቤቶችም ነበሩ። ወይዘሮ ኤማ ሐርንትና ወይዘሮ ማሪያ ሾነቤክ ይባላሉ። እነሱም ካላቸው እየቀነሱ ረዱት፤ ምስጢሩንም ጠበቁ።

ሐንስ ቀን ቀን ከጎጆዋ አይወጣም። አውሮፕላን መጥቶ ቦምብ ሲጥል ግን ሰው ሁሉ ወደ መጠለያ ይሮጣል። ሐንስ ያኔ ወጥቶ አየር ይቀበላል። ሌላው የሚሸሽበት ሰዓት ለእሱ የነፃነት ሰዓት ነበር። ታዲያ በጎጆዋ ውስጥ ድምፁን ቀንሶ ሬዲዮ ያዳምጥ ነበር። «ከዚህ ከወጣሁ የሬዲዮ ሰው እሆናለሁ» የሚለው ሐሳብ ያደረበት ያን ጊዜ ነው።

ጦርነቱ ሳያልቅ ወይዘሮ ኢዳ ሞቱ። አሁንስ የት ይግባ? ወይዘሮ ማሪያ ተቀብለው ደበቁት።

በሚያዝያ 1937 ዓ.ም. የሶቪየት ጦር በርሊን ገባ። ሐንስ ቢጫ ኮከቡን አድርጎ በደስታ ወጣ። ወታደሮቹ ግን ጠረጠሩትና ሊገድሉት ነበር። ሌላ ቦታ ናዚዎች ማምለጫ ብለው ይህንኑ ኮከብ ለጥፈው አግኝተዋቸው ነበርና። አንድ አይሁድ መኮንን ደረሰ። አይሁድ ከሆንክ ጸሎታችሁን በል አለው። ሐንስም አለው፤ ተረፈ።

ሬዲዮና ቴሌቪዥን

ጦርነቱ እንዳበቃ ሐንስ በበርሊን ሬዲዮ ጣቢያ ሥራ ለመማር ገባ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በከተማው ምዕራብ ወዳለው ሪያስ ወደተባለ ጣቢያ ተዛወረ። በ1957 ዓ.ም. በየእሑዱ የሚቀርብ የሙዚቃ እንቆቅልሽ ጀመረ። በርሊን ያኔ በግንብ ለሁለት ተከፍላለች። ከግንቡ ወዲያ ያሉትም ሰዎች ያዳምጡታል፤ መልሱንም በደብዳቤ ይልካሉ። ሰዎቹን ግንብ ቢለያቸውም እንቆቅልሹ አገናኛቸው።

ከሁሉ የታወቀው ግን በቴሌቪዥን ያቀርበው የነበረው «ዳሊ ዳሊ» ነው። «ቶሎ ቶሎ» እንደማለት ነው። ግንቦት 5 ቀን 1963 ዓ.ም. ተጀመረ። ታዋቂ ሰዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ይቀርባሉ፤ ጥያቄውን በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ መመለስ አለባቸው። ሲቸኩሉ ይሳሳታሉ፤ ሕዝቡም ይስቃል። ተመልካቹ በጣም ሲደሰት ሐንስ «ግሩም ነው!» ብሎ ወደ ላይ ይዘላል። በጨዋታው የተገኘው ገንዘብ ችግር ለገጠመው ቤተሰብ ይሰጥ ነበር። ዝግጅቱ እስከ 1979 ዓ.ም. 153 ጊዜ ቀርቧል።

ያቺ ሌሊት

በ1971 ዓ.ም. አንዱ ዝግጅት ጥቅምት 30 ቀን ላይ ዋለ። ምኩራቦች የተቃጠሉባት ሌሊት 40ኛ ዓመቷ ነበር። ሐንስ ቀኑ እንዲለወጥለት ለመነ፤ ጣቢያው እንቢ አለ። ምን ያድርግ? ጥቁር ልብስ ለብሶ ቀረበ። የተለመደው ዘፈን ቀርቶ የኦፔራ ሙዚቃ እንዲሰማ አደረገ። ሥራውን ሠራ፤ ሐዘኑንም አልደበቀም።

ሰዎች ያን ሁሉ ግፍ ባየህበት አገር እንዴት ትኖራለህ ቢሉት መልሱ ሦስቱ ሴቶች ነበሩ። ጀርመኖች ወንድሙን ገደሉት። ጀርመኖች ደግሞ ከአፋቸው ቀንሰው አበሉት። ስለዚህ ሕዝቡን በሙሉ አልጠላም። የሕይወቱን ታሪክ «ሁለት ሕይወት በጀርመን አገር» ብሎ በመጽሐፍ ጻፈ። ለወንድ ልጁም ገርት የሚለውን የወንድሙን ስም አወጣለት።

ሐንስ በካንሰር ታሞ የካቲት 3 ቀን 1979 ዓ.ም. በ61 ዓመቱ ሞተ። በርሊን ውስጥ በስሙ የተጠራ አደባባይ አለ። በስሙ የቆመ ድርጅትም ችግር የገጠማቸውን ቤተሰቦች ይረዳል።

ውድ አንባብያን፤ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» እንላለን። ኢዳ፣ ኤማና ማሪያ ባለሥልጣን አልነበሩም። ያላቸው አንድ ጎጆ፣ ትንሽ ዳቦና የተዘጋ አፍ ነበር። እሱም ለአንድ ነፍስ በቃ። ሐንስ ስማቸውን በመጽሐፍ ባያሰፍረው ኖሮ ማን ያውቃቸው ነበር? እሱ ጻፈው፤ እኛም ዛሬ አነበብነው።

ተወያዩበት፦
1. ሦስቱ ሴቶች ሐንስን ለማዳን ምን ምን አደረጉ?
2. ሐንስ ሕዝቡን በሙሉ ያልጠላው ለምንድን ነው?
3. በእናንተ ቀበሌ በክፉ ቀን ሰው ያተረፈ ማን አለ? ስሙንና ሥራውን በደብተራችሁ ጻፉ።