ልማድን ስለ መለወጥ፦ የሚባለውና የሆነው

የአንድ ድርጅት ሥራ በተበላሸ ጊዜ ጥፋቱን ሁሉ በሠራተኛው ጠባይ ላይ ጥሎ፣ «ክፉ ልማድ ተጣብቶታልና ወይ ይባረር፣ ወይ ልቡ እስኪመለስ ይሰበክ» ማለት፣ በብዙ አለቆች ዘንድ እንደ ቀኖና የጸና አስተሳሰብ ነው። በአሜሪካ፣ በካሊፎርንያዋ ፍሪሞንት ከተማ የነበረው የጄኔራል ሞተርስ መኪና ፋብሪካ ታሪክ ግን ይህን ቀኖና ያፈርሰዋል።

ያ ፋብሪካ በ1982 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ፣ ከአምስት ሠራተኞች አንዱ ያህል ከሥራ የሚቀርበት፣ በሥራ ሰዓት መጠጥ የሚጠጣበት፣ አስተዳደሩና የሠራተኛው ማኅበር እንደ ሁለት ባላጋራ ጦር የሚተያዩበት፣ ስሙ የከፋ ስፍራ ነበር። በ1984 የጃፓኑ ቶዮታ ከጄኔራል ሞተርስ ጋር በሽርክና፣ ኑሚ በሚል ስም እንደ ገና ሲከፍተው ግን፣ ከተቀጠሩት የሚበዙት እነዚያው የተናቁት ሰዎች፣ ማኅበሩም ያው የቀድሞው ማኅበር ሆኖ ሳለ፣ ከሥራ የሚቀረው ሰው እጅግ ጥቂት ሆነ፤ የመኪኖቹም ጥራት ጃፓን ውስጥ ከሚሠሩት ጋር የሚወዳደር ሆነ።

«እንግዲያው አዲስ መሣሪያ ገብቶ ይሆናል» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ተቃራኒው ነው፤ በዚያው ዘመን ለሮቦት ቢሊዮን ዶላሮች ያፈሰሰው ጄኔራል ሞተርስ ሲሆን፣ ኑሚ የሚሠራው በአብዛኛው በተለመደ መሣሪያ ነበር።

ምሥጢሩ በአንድ ገመድ ይገለጻል። በቀድሞው ሥርዓት የመገጣጠሚያውን መስመር ማቆም ታላቅ ድፍረት ስለ ነበረ፣ ጉድለት ያየ ሠራተኛ አይቶ እንዳላየ ያሳልፈው ነበር። በአዲሱ ሥርዓት ግን እያንዳንዱ ሠራተኛ ከራሱ በላይ የተዘረጋውን ገመድ እንዲስብ ተፈቀደለት፤ በሳበም ጊዜ ካቦው እየሮጠ መጥቶ «ማነው ያጠፋው?» በማለት ፈንታ «ምን ልርዳህ?» ይለው ነበር፤ ችግሩ ወዲያው ካልተፈታም መስመሩ ይቆም ነበር። የንስሐ አባት የተናዘዘለትን ሁሉ በአደባባይ የሚገርፍ ቢሆን፣ በሁለተኛው ዓመት ማን ወደ እርሱ ይመጣ ነበር? የቡድን መሪዎቹም ይህን የተማሩት በስብከት አይደለም፤ ወደ ጃፓን፣ ወደ ታካኦካ ፋብሪካ ተልከው፣ ከባለሙያዎቹ ጎን ቆመው በእጃቸው እየሠሩ ነው። እጅ አስቀድሞ ለመደ፤ ልብ ተከተለ።

የመጨረሻው ተረት፣ አንድ ጊዜ የሠመረ ሥርዓት በቀላሉ ይቀዳል የሚለው ነው። ጄኔራል ሞተርስ ትምህርቱን እዚያው ካሊፎርንያ ወዳለው ወደ ቫን ናይስ ፋብሪካ ሊያሻግር ሞክሮ ነበር፤ ነገር ግን የአለቆቹ ዋጋ የሚለካው በወጣው መኪና ብዛት በመሆኑ፣ ሠራተኛውም የቡድኑን አሠራር እንጀራ የሚያሳጣ ተንኰል አድርጎ በመጠርጠሩ፣ ሥር አልሰደደም። ካይዘን እየተባለ ወደ አገራችን የገባው ትምህርት ከዚሁ ከጃፓኖች አሠራር የተቀዳ ነውና፣ ሰሌዳ መለጠፍ ብቻ ለውጥ የሚመስላቸው ወገኖች ይህን ቢያስተውሉት መልካም ነው። ቫን ናይስ በ1992 ተዘጋ፤ ኑሚ ግን እስከ 2010 ድረስ መኪና ሲሠራ ቆየ።