ያልፋል፤ ግን ለማን?

በቀደም ማታ አንድ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ቴሌግራም ላይ ጻፈልኝ። ከተመረቅን ሁለት ዓመት አልፎናል፤ እሱ ግን እስካሁን ሥራ አላገኘም። ያን ቀን ደግሞ ለፈተና ጠርተውት፣ ሳይፈትኑት «ቦታው ተይዟል» ብለው መልሰውታል። እኔ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ነበር። በአንድ እጄ ብረቱን ይዤ በሌላው «አይዞህ ባክህ፣ ያልፋል» ብዬ ላክኩለት። ኢሞጂም ጨመርኩበት።

ወዲያው መለሰልኝ፦ «ጊዜው እያለፈብኝ ነው እንጂ መቼ አለፈልኝ?»

መልስ አጣሁ። ቤት ገብቼም ያቺን መስመር ደጋግሜ አነበብኳት። ሁለቱም ቃል ያው «አለፈ» ነው። የለያቸው አንድ ፊደል ብቻ ነው፤ አንዱ ጋ «ብ»፣ ሌላው ጋ «ል»።

ከዚያ ወዲህ ቶሎ ለሚያልፉ ነገሮች ያሉንን ቃላት እየለቀምኩ ነው። ብዙ ናቸው። አንዱን በሌላው ቦታ እንወረውራቸዋለን እንጂ እኩል አይደሉም።

በጣም አጭሯ «ቅጽበት» ናት። በግእዝ «ቀጸበ» ማለት ጠቀሰ ማለት ነው፤ ቅጽበትም የዓይን ጥቅሻ ያህል ናት። የስልካችሁን ቋንቋ ወደ አማርኛ ብትቀይሩት ስክሪንሾትን «ቅጽበታዊ ገጽ እይታ» ሊላችሁ ይችላል። ስሙ የጥቅሻ ነው፤ ሥራው ግን ሊያልፍ የነበረውን ነገር ይዞ ማስቀረት። ያጠፋው መልእክት ከዓመት በኋላ በስክሪንሾት የመጣበት ሰው ይሄ ይገባዋል።

«አፍታ» ትንሽ ትረዝማለች። «ላፍታ ጠብቂኝ» ያለ ሰው በጥቅሻ ፍጥነት አይመለስም። አቦል ሲቀዳ ወጥቶ በረካ ላይ የሚደርስም አለ።

«ሰሞን» ከዚህም ይሰፋል። በግእዝ «ሰሙን» ሳምንት ነው። በቤተ ክርስቲያን «ሰሞነኛ» የሚባለው የሳምንቱ የአገልግሎት ተራ የደረሰው ካህን ነው። እኛ ደግሞ ቲክቶክን ላጥለቀለቀ ዘፈን ሁሉ «ሰሞነኛ» እንላለን። ካህኑ ተራው ሲደርስ ይመለሳል፤ ዘፈኑን እንጃ።

«ወረት» ሰዓት አይቆጥርም፤ ሰው ነው የሚወቅሰው። አዲስ ሳለ እፍ እፍ ተብሎ፣ ሲለመድ የሚቀዘቅዝ ፍቅር ነው። የኢንስታግራም ስቶሪ በ24 ሰዓት ሲጠፋ ወረተኛ አንለውም፤ ድሮውንም እንዲጠፋ ነው የተሠራው። ወር ሙሉ በየደቂቃው ሲጽፍላችሁ ከርሞ፣ አሁን መልእክታችሁን አይቶ ዝም የሚለው ግን እሱ ወረተኛ ነው።

ደግሞ «ጊዜያዊ» አለ፤ የቢሮ ቃል። ጊዜያዊ መታወቂያ፣ ጊዜያዊ ሠራተኛ፣ ጊዜያዊ መጠለያ። ይሄኛውን ግን ሁልጊዜ አትመኑት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡን አውርዶ ሥልጣን የያዘው ደርግ ስሙ «ጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ» ነበር። ኢሕዲሪ እስኪታወጅ ድረስ ያ «ጊዜያዊ» 13 ዓመት ያህል ቆየ። ያኔ የተወለደ ልጅ ስድስተኛ ሰባተኛ ክፍል ደርሷል ማለት ነው። የጓደኛዬም ሥራ መፍታት፣ ስንመረቅ ሁላችንም «ጊዜያዊ ነው» ብለነው ነበር።

ወደ «አለፈ» ልመለስ። ሥሩ የግእዙ «ኀለፈ» ነው። «አላፊ ጠፊ» የምንለው ከዚያ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ «ኃላፊ»ም ሥሩ ያው ነው። (አለቆች ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።) ቃሉ ብቻውን ሲቆም የሚያወራው ስለሚሄደው ነገር ነው። ዝናብ ያልፋል። ታክሲም ያልፋል፣ ሞልቶ። ሰው የሚገባበት ፊደል ሲጨመር ነው። «አለፈለት» ስንል ችግሩ ለቀቀው፣ ኑሮው ተቃና ማለታችን ነው። «አለፈበት» ስንል ጊዜው ጥሎት ሄደ፤ የመድኃኒትም ይሁን፣ የፋሽንም ይሁን፣ የምዝገባም ይሁን። «አለፈው» ደግሞ አጠገቡ ደርሶ ሳይነካው ሄደ ነው፤ ጥይትም ሊሆን ይችላል፣ ዕድልም።

እናቶቻችን ይሄንን ያለ ሰዋስው መጽሐፍ ያውቁታል። ሲመርቁን «ያሳልፍልህ»፣ «ያሳልፍልሽ» ነው የሚሉት። «ያሳልፍ» ብለው የሚተዉት የለም። «ል»ን አይረሷትም።

እኔ ረሳኋት። «ያልፋል» ያልኩት ውሸት አልነበረም። ግን ጊዜ እንደሚያልፍ ጓደኛዬ ከእኔ በላይ ያውቃል። የሚያስጨንቀውም እሱ ነው፤ ሁለት ዓመት ሲያልፍ ቁጭ ብሎ አይቷል። እኔ ያጽናናሁት በፈራው ነገር ነው።

በማግስቱ ደወልኩለት። ይቅርታ ስጠይቀው «በምኑ?» ብሎ ሳቀ። ሲቪውን አስላክሁትና ቁጭ ብዬ አየሁለት፤ ለሁለት የማውቃቸው ሰዎችም ላክሁለት። አንደኛው እስካሁን አልመለሰም፤ ሌላኛው «ሰኞ ደውልልኝ» ብሏል። ሰኞ እደውላለሁ።

እናንተም ለሰው «ያልፋል» ልትጽፉ ስትሉ ጣታችሁን ላፍታ ያዝ አድርጉት። «ያልፍልሃል»፣ «ያልፍልሻል» በሉ። ከዚያ እንዲያልፍለት ምን ላድርግ ብላችሁ እሱኑ ጠይቁት። ቢቻል በጽሑፍ ሳይሆን ደውላችሁ።