ሰባ ወይስ ሰባ አንድ?

ፍሬዲ ሊ ሆል በ1978 (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፍሎሪዳ ውስጥ በተፈጸመ ግድያ ሞት ተፈርዶበት ነበር። የማሰብ ችሎታ ፈተና ላይ 71 አመጣ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበትን ሰው በሞት መቅጣትን በ2002 ቢከለክልም፣ ማን ውስንነት እንዳለበት መለየቱን ለየክፍለ ግዛቱ ትቶታል። ፍሎሪዳ ደግሞ ከ70 በላይ ላመጣ ሰው ሌላ ማስረጃ አላይም አለች። በአንድ ነጥብ በሩ ተዘጋበት።

የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ግን ውጤትን እንደ ነጠላ ቁጥር አያነቡትም። ያው ሰው በሌላ ቀን ቢፈተን ውጤቱ አምስት ነጥብ ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2014 ይህንኑ ተቀብሎ በአምስት ለአራት ድምፅ ሕጉን ሻረው፤ የሆል ቅጣትም በኋላ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ።

ለመሆኑ 70 ከየት መጣ? በዴቪድ ዌክስለር ፈተናዎች የእኩዮች አማካይ 100 ነው፤ 70 እና ከዚያ በታች የሚያመጡት ከመቶ ሁለት ያህል ናቸው። መስመሩ የስሌት ስምምነት እንጂ አንጎል ውስጥ የተገኘ ድንበር አይደለም።

የፈተናው ጀማሪዎች አልፍሬድ ቢኔና ቴዎዶር ሲሞን በ1905 ፓሪስ ላይ 30 ጥያቄዎች ሲያዘጋጁ የፈለጉት የተለየ እርዳታ የሚያሻቸውን ተማሪዎች መለየት ነበር። የመጀመሪያው የተለኮሰ ክብሪትን በዓይን መከተል ነው፤ መጨረሻ ላይ የረቂቅ ቃላትን ልዩነት ማስረዳት ይመጣል። ቢኔ ልጁ ከዚያው ይቀራል ማለቱ አልነበረም። ውቅያኖሱን ሲሻገር ግን ፈተናው ሰው መደልደያ ሆነ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት 1.7 ሚሊዮን ያህል አሜሪካውያን ምልምሎች ሲፈተኑ፣ ከጥያቄዎቹ አንዱ ክሪስኮ መድኃኒት ነው፣ የጥርስ ሳሙና ነው ወይስ ምግብ የሚል ነበር። የማብሰያ ስብ ነው። ከውጭ አገር የመጣ ገበሬ ይህን ከየት ያውቀዋል?

ፈተናው የሚለካው ምን እንደሆነም ያከራክራል። ቻርልስ ስፒርማን ከችሎታዎች ሁሉ ጀርባ አንድ የጋራ አቅም አለ ሲል፣ ሃዋርድ ጋርድነር በ1983 ሰባት ዓይነት ቆጠረ። ጋርድነር በመምህራን ዘንድ ቢወደድም፣ የመለኪያው ማስረጃ ከስፒርማን ጋር ይበልጥ ይስማማል። ያም ሆነ ይህ፣ ውስንነትን ለመለየት ሐኪሞች ከውጤቱ ጋር ሁለት ነገር ያያሉ፦ ሰውየው ኑሮውን እንዴት እንደሚመራና ችግሩ በልጅነት መጀመሩን። የቴክሳስ ፍርድ ቤት ግን የራሱን መስፈርት ሲያወጣ ሌኒ የተባለውን የጆን ስታይንቤክ ልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ ጠቅሶ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2017 በቦቢ ሙር ጉዳይ መስፈርቱን ውድቅ አደረገ፤ ጉዳዩ ተመልሶ ሲመጣለትም በ2019 ሙር ውስንነት እንዳለበት ራሱ ወሰነ።