ተጨማሪ መረጃ፦ ገጣባና የኮርቻ ልክ
ገጣባ ኮርቻ ወይም ጭነት በጋማ ከብት ጀርባ ላይ የሚያደርሰው ቁስል ሲሆን፣ ምንጩ በአብዛኛው የክብደቱ ብዛት ሳይሆን ክብደቱ በአንድ ጠባብ ቦታ ላይ ተከማችቶ ደም ወደ ቆዳው እንዳይደርስ መከልከሉ ነው። ቆዳው ስስ የሆነ ፈረስ ሕመሙን ቁስሉ ከመታየቱ በፊት፣ የደረቱ ጠፍር ሲጠብቅ ጆሮውን ወደ ኋላ በማጣበቅ ወይም ለመንከስ በመዞር ይገልጻል፤ ይህንንም እንደ ክፉ ጠባይ ቆጥሮ መቅጣት የተለመደ ስሕተት ነው። ከግልቢያ በኋላ በላብ በራሰ ጀርባ መካከል ደርቆ የሚቀር ቦታ ብርቱ ጫና ያረፈበትን ስፍራ ሊያመለክት ይችላል፤ ነጭ ሆኖ የሚበቅል ጠጕር ደግሞ የቆየ ጉዳት ምልክት ነው። ኮርቻው ከትከሻ አጥንቱ ኋላ ተቀምጦ፣ አከርካሪውን ሳይነካ፣ ክብደቱን በግራና በቀኝ ባሉት ጡንቻዎች ላይ ማሳረፍ ይኖርበታል። ለጠበበ ኮርቻ ከሥሩ የሚነጠፍ ልባስ መደራረብ በጠባብ ጫማ ውስጥ ሁለተኛ ካልሲ እንደ መጨመር ስለሆነ ጫናውን ያባብሰዋል። ጠፍሩ ከክርኑ ኋላ ሲልጥ ግን ጭቃውንና የደረቀውን ላብ ማጽዳት፣ ጠፍሩን ቀስ በቀስ ማጥበቅ፣ የታጠፈው ቆዳ እንዲዘረጋም የፊት እግሮቹን በየተራ ወደ ፊት መሳብ ይረዳል፤ የተላጠው እስኪድን ድረስ ፈረሱ አይጫንም። በበጋ መኖ አጥሮት የከሳ ፈረስ የጀርባው ቅርጽ ስለሚለወጥ፣ በጥቅምት የተስማማው ኮርቻ በግንቦት ላይስማማው ይችላል።