የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጃችሁን ትምህርት ቤት ለምታዛውሩ የሐዋሳ ወላጆች

በተማሪዎች ሪከርድ ሥራ ላይ ስላለሁ ይህን በክረምት አያለሁ፦ ቤተሰብ ከታቦር ወደ ሐዌላ ቱላ ቤት ይቀይርና ሮጦ መልቀቂያ ያወጣል። እባካችሁ፣ አስቀድማችሁ ተቀባዩ ትምህርት ቤት ቦታ እንዳለው ጠይቁ። መልቀቂያ ይዞ ተቀባይ ያጣ ልጅ ማየት ያማል።

መልቀቂያው ሲሰጣችሁ እዚያው ቆማችሁ አንብቡት። የልጁ፣ የአባትና የአያት ስም በውጤት ካርዱና በልደት ሰርተፍኬቱ ላይ ካለው ጋር በአንድ ፊደል እንኳ አይለያይ፤ በኋላ ማስተካከል ብዙ ያመላልሳል። ማህተምም አይረሳ። የትምህርት ቤቱን መጻሕፍት መልሱ።

8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና አለው፤ ተማሪው የሚመዘገበውም በሚማርበት ትምህርት ቤት በኩል ነው። ስለዚህ ዝውውሩን ትምህርት ሳይጀመር ጨርሱ። ከሌላ ክልል የምትመጡ ደግሞ፣ ሲዳሙ አፎ (የሲዳማ ቋንቋ) ላልተማረ ልጅ ትምህርቱ እንዴት እንደሚያዝ በምዝገባው ቀን ጠይቁ።