ስለ ጉርሻ አሰጣጥ

በአገራችን ጉርሻ የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይጠራበታል። አንደኛው በማዕድ ዙሪያ ባለቤቲቱ በገዛ እጃቸው ጠቅልለው እንግዳውን የሚያጐርሱት እንጀራ ነው፤ ሁለተኛው በምግብ ቤት፣ በሆቴልና በመንገድ ላገለገለን ሰው ከሒሳቡ በላይ የምንሰጠው ገንዘብ ነው። ለሁለተኛው ይህን ስም ያወጡለት ሰዎች አስተዋዮች ነበሩ እንላለን፤ በማዕድ ላይ የሚጐርሰው የተራበ ሰው ሳይሆን የተወደደና የተከበረ ሰው ነውና። ዳሩ ግን ዛሬ ስሙን ይዘን ጠባዩን የጣልን ይመስላል፤ ይህንንም ስንል ራሳችንን ከወቀሳው አናወጣም።

ባለፈው ዓመት ከአንድ ባልንጀራችን ጋራ በአዲስ አበባ ከአንድ ምግብ ቤት ገብተን ምሳ በላን። አሳላፊዋ ከጥቂት ዓመታት በፊት ያስተማርናት ልጅ ሆና ተገኘች። ደስ ብሏት እጅ ነሣችን፤ የምንታጠብበትን ውሃም፣ የጾሙን ወጥም፣ ቡናውንም ሳታጓድል አቀረበችልን። ሒሳቡን ከፍለን ስንነሣ፣ ለተማሪያችን ፍራንክ መተው እርሷን ማሳነስ መሰለንና መርቀናት ብቻ ወጣን። ምርቃቱ ከልባችን ነበር። ከወራት በኋላ እናቷን በመንገድ አግኝተን ስለ ኑሮዋ ብንጠይቃቸው፣ ደመወዟ ከቤት ኪራይ እንደማያልፍ፣ የታክሲዋንና የእራቷን የምትችለው ከጉርሻ እንደ ሆነ ነገሩን። እኛ አክብረናት የወጣን መስሎን ነበር፤ ለካ ያን ማታ በእግሯ የሰደድናት እኛው ኖረናል።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን መመርመር ጀመርን። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156 ከደንበኞች የሚገኘውን የአገልግሎት ክፍያ ከደመወዝ አይቈጥረውም። እንግዲህ አንድ ባለ ሆቴል «ጉርሻ ታገኛላችሁ» እያለ ደመወዝ ቢያሳንስ፣ የራሱን ዕዳ በእንግዳው ኪስ ላይ መጫኑ ነው። እንግዳውም በበኩሉ «ደመወዝ ያላት አይደለችምን?» ብሎ ይወጣል። በሁለቱ መካከል የምትጐዳው ሳህኑን የተሸከመችው ናት።

በትልልቅ ሆቴሎች በሒሳቡ ላይ ዐሥር በመቶ የአገልግሎት ተብሎ ሲጨመር እናያለን። ይህ 15 በመቶ ከሚሆነው ከተጨማሪ እሴት ታክስ የተለየ ነው፤ ታክሱ ለመንግሥት የሚገባ ስለ ሆነ ማንም ሰው እርሱን እንደ ጉርሻ ሊቈጥረው አይገባም። የአገልግሎቱ ግን ለሠራተኞቹ ይደርስ እንደ ሆነ አሳላፊውን ዝቅ ባለ ድምፅ መጠየቅ ነውር አይደለም። የሚደርሳቸው ከሆነ ከዚያ በላይ መስጠት በፈቃድ ነው።

በአገራችን የጉርሻ ልክ አልተቈረጠም። በአሜሪካ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ጉርሻ ለሚቀበል ሠራተኛ አሠሪው በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ብቻ እንዲከፍል ይፈቅዳል፤ ይህም ቍጥር ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ አልተለወጠም። ጉርሻው ተጨምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ካልሞላ አሠሪው ጉድለቱን እንዲሞላ ታዟል፤ ከዚህ የበለጠ ደመወዝ የሚያዝዙ ግዛቶችም አያሌ ናቸው። ስለዚህ በዚያ አገር ከ15 እስከ 20 በመቶ መተው እንደ ደንብ ተይዟል። ልጆቹን ሊጠይቅ ወደ ዋሽንግተን የተሻገረ አባት ከሐበሻ ምግብ ቤት በልቶ «የአገሬ ልጅ ናት» በማለት ባዶ እጁን ቢወጣ፣ እኛ በተማሪያችን ያደረግነውን አደረገ ማለት ነው።

ከልኩ ይልቅ የሚያሳስበን አሰጣጡ ነው። አሳላፊን በጭብጨባ የሚጠራ፣ ዕድሜዋን ሳያይ «አንቺ!» እያለ የሚጮኽ፣ ሲወጣ ደግሞ ብሩን በጠረጴዛው ላይ የሚወረውር ሰው ገንዘብ ሰጠ እንጂ ጉርሻ አልሰጠም። ከዚህም የከፋ አለ። ብሩን ሲያቀብል እጇን ይዞ የማይለቅ፣ አብዝቶ ስለ ሰጠ ፈገግታዋን የገዛ የሚመስለው ሰው አለ፤ ይህን የምናነሣው ሴቶች ልጆቻችን በዚህ ሥራ ላይ ስላሉ ነው። እንዲህ ያለው ስጦታ ወጥመድ ነው፤ ልጅቱም እንዳትመልሰው አለቃዋን ትፈራለች፣ እንዳትቀበለው ኅሊናዋን ትፈራለች።

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ብዙ ሰው ዝርዝር መያዝ ትቷል። «ስልክሽን ንገሪኝና ጉርሻሽን እልክልሻለሁ» የሚለው ሰው ልቡ ቅን ቢሆንም እንኳ ልጅቱን ያስጨንቃታል፤ በዚሁ ቃል የመጡባትን ሌሎቹን ታስታውሳለችና። ስለዚህ ከቤት ሲወጡ ጥቂት ባለ ዐሥርና ባለ ሃምሳ ብር መያዝ ይሻላል። (እኛ በመነጽራችን ማኅደር ውስጥ እንይዛለን፤ ባለቤታችን ይሥቁብናል።) ብሩን አጥፎ በሒሳቡ ወረቀት ውስጥ ማኖር፣ ወይም በቀኝ እጅ ይዞ ግራውን ወደ ክርን ደገፍ አድርጎ ማቀበል፣ ስምንም ጠይቆ በስም ማመስገን ያምራል። ሻንጣ ለተሸከመ፣ ጫማ ለጠረገ ሊስትሮ፣ መኪና ለጠበቀ ዘበኛም እንዲሁ ነው። በሆቴል ያደረ ሰው አልጋውን ያነጠፈችውን አይቷት ስለማያውቅ ብዙ ጊዜ ይረሳታል።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጉዳይን ለማስፈጸም የሚሰጠው ግን፣ ሰዎች የሻይ ቢሉትም ጉርሻ ቢሉትም፣ ጉቦ ነውና በዚህ ጽሑፍ አንቈጥረውም።

በዚህ ዓመት ከዚያው ምግብ ቤት ተመልሰን ገባን። ልጅቱ አሁንም በዚያ አለች። በልተን ስንነሣ ያለፈውንም ጨምረን አጥፈን ብናቀብላት፣ «ኧረ ጋሼ፣ ይተዉት!» ብላ ወደ ኋላ አለች። በማዕድ ላይ የሚጐርስ ሰው መጀመሪያ እንቢ እንደሚል እናውቃለንና እጃችንን አላጠፍንም። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» አልንና ሌላ ደረብንበት። ሣቀችና በሁለት እጇ ተቀበለች፤ ወዲያውም ሄዳ ከገንዘብ ተቀባዩ አጠገብ ካለው ሣጥን ከተተችው። ማታ ከወጥ ቤት ሠራተኞቹ ጋራ የሚካፈሉት ከዚያ ኖሯል።