ከቪዲዮ ቤት ወደ ፊልም ክበብ

የፊልም ክበብ ማለት አባላቱ ለትርፍ ሳይሆን ለዕውቀትና ለጥበብ ፍቅር ሲሉ የመረጡትን ፊልም አብረው አይተው የሚወያዩበት ማኅበር ሲሆን፣ ከሲኒማ ቤት ዋና ልዩነቱም መብራቱ ሲበራ ተመልካቹ ወደ በሩ ከመሄድ ይልቅ ተቀምጦ መነጋገሩ ነው። በ1925 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው የለንደን የፊልም ማኅበር በእንግሊዝ ለሕዝብ እንዳይታይ ታግዶ የነበረውን የሶቪየት ፊልም «ባትልሺፕ ፖተምኪን»ን በ1929 ለአባላቱ ማሳየት የቻለው እንዲህ ባለው አደረጃጀት ነበር። ለኢትዮጵያ አንባቢ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የሕንዱ ታሪክ ነው፤ ሳትያጂት ራይና ጓደኞቹ በ1947 በካልካታ የፊልም ክበብ መሠረቱ፤ ከስምንት ዓመት በኋላም ራይ የአንድ ድኻ የቤንጋል ገጠር ቤተሰብን ኑሮ የሚያሳየውን «ፓተር ፓንቻሊ»ን ለዓለም አቀረበ።

በኢትዮጵያ የውጭ አገር ፊልሞችን መርጦ የማሳየት ልማድ በአብዛኛው በአዲስ አበባ ባሉ እንደ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝና ጎተ ተቋም ባሉ የባህል ማዕከላት ተወስኖ የኖረ ሲሆን፣ የትንንሽ ከተሞች ወጣት የሕንድን፣ የሆንግ ኮንግንና የአሜሪካን ፊልም ያወቀው በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣቦ ነው። ቪዲዮ ቤት የዋልጌ መዋያ ተብሎ ብዙ ቢነቀፍም ነቀፋው ከልክ ያለፈ ነበር፤ አብሮ ማየትን ያስተማረው እርሱ ነውና። የጎደለው መራጭና አወያይ ብቻ ነበር።

በኢሉባቦር፣ በዳሪሙ፣ በመቱም ሆነ በጎሬ ከተማ፣ እንዲህ ያለ የፊልም ክበብ ለማቋቋም የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ አንድ ፕሮጀክተር፣ ነጭ ግድግዳ፣ ድምፅ ማጉያና መብራት ቢጠፋ የሚተካ ጄኔሬተር ይበቃል። ከባዱ የቋንቋው ነገር ነው፤ በፊልሙ ግርጌ የሚጻፈው ትርጉም አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለሆነ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የሚያስረዳ ሰው የግድ ያስፈልጋል። ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ ያገኘው ተመልካች ብዛት የቋንቋን ኃይል በግልጽ አሳይቷል። በተጨማሪም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፈጣሪውን መብት ስለሚያስከብር ፊልሙን በአደባባይ ከማሳየት በፊት የባለመብቱን ፈቃድ ማግኘት ተገቢ ነው።

አከፋፋዮች «ሳንኮፋ» (1993 እ.ኤ.አ.) የተባለውን ፊልሙን አንቀበልም ባሉት ጊዜ አዳራሽ እየተከራየ በአሜሪካ ለጥቁር ሕዝብ ያሳየው ኢትዮጵያዊው የፊልም ዳይሬክተር ኃይሌ ገሪማ፣ ፊልም ያለ ትልልቅ ኩባንያዎች ወደ ሕዝብ ሊደርስ እንደሚችል አስመስክሯል። የኢሉባቦር ክበብ ሥራውን ቢጀምር መጀመሪያ ሊያሳይ የሚገባውም የዚሁ ሰው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው፤ በ1976 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ይህ ጥቁርና ነጭ ፊልም የባለርስትና የጭሰኛን ኑሮ በአማርኛ ይተርካልና። ጭሰኝነትን በዓይናቸው ያዩ አዛውንት ዛሬም በአካባቢው ስላሉ፣ የመቱ ዩኒቨርሲቲና የየከተማው መምህራን ፊልሙን ባሳዩበት ምሽት የመጀመሪያውን ቃል ለእነርሱ ይስጡ።